ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግነዋል?

የአገራችንን የፖለቲካ ታሪክ ለመመርመር የግድ የቤተ መንግሥት መዛግብትን ማገላበጥ አያሻም። አንድ የአዲስ አበባ ባለቤት ትርፍ ክፍሉን ለተከራይ እንዴት አድርጎ እንደሚያዘጋጅ መመልከቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ግድግዳውን በጭቃ መርጎ ይተወዋል ወይስ በሲሚንቶ ይለስነዋል? ውኃ ያስገባለታል ወይስ ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን ይቅዳ ይለዋል? መልሱ የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ነገን ምን ያህል ያምነዋል የሚለውም ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው በንጉሡ ዘመን የከተማው መሬት በአብዛኛው በመኳንንቱ፣ በቤተ ክህነትና በጥቂት ባለጸጎች እጅ ነበር። ከገጠር የሚፈልሰው ሕዝብ ደግሞ ተከራይ ከመሆን በቀር ምርጫ አልነበረውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት ብቁ አድርጎ እንዲያስረክብ፣ ዋና ዋና እድሳትም የእርሱ ግዴታ እንዲሆን ደንግጓል። ሕጉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ውሉ በቃል፣ ማስለቀቁም በቃል ለሆነበት ምስኪን ተከራይ ፍርድ ቤት ሩቅ አገር ነበር። ለኪራይ ተብለው የተደረደሩት የጭቃ ክፍሎችም ቢሆኑ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ገቢ ለመሰብሰብ እንጂ ሰው ተደላድሎ እንዲኖርባቸው የተሠሩ አልነበሩም። ስለዚህ የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ የተከራዩ ምሬት እውነተኛ ምሬት እንደነበር መካድ አይቻልም።

ደርግ ለዚህ ምሬት የሰጠው መልስ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወለት፤ በግል ቤት እያከራዩ መኖርም ተከለከለ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ማዕከላዊው መንግሥት ያዛቸው። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም በአዋጅ ተቀነሰ። በዚያን ሰሞን የስንቱ ተከራይ ቤት በእልልታ እንደተሞላ፣ የስንቱ ጡረተኛ አከራይ ቤት ደግሞ ሐዘን እንደተቀመጠ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግነው? የቀድሞው ባለቤት ቤቱ የእርሱ አይደለም። ቀበሌው የሚሰበስባት ጥቂት ብር የቆርቆሮ መግዣ እንኳ አትሆንም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ገንዘቡን ማፍሰስ አይሻም፤ ቢሻም ፈቃድ መለመን አለበት። ኪራዩ ለዐሥርተ ዓመታት ባለበት ረግቶ ሲቀር ግድግዳው ግን ባለበት አልረጋም፤ አዘመመ። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ያ ርካሽ ኪራይ ድኻው ከመሐል ከተማ ሳይነቀል ልጆቹን እንዲያሳድግ አስችሎታል። ሆኖም ቤቱ ባለቤት አልባ ሆኖ አርጅቷል።

በ1982 ዓ.ም. ደርግ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲውን ሲያውጅ ለግል ባለሀብቱ የተዘጋው በር ገርበብ አለ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የግል ኪራይ እንደገና ተስፋፋ። ፍርሃቱ ግን በአንድ ጀምበር አልለቀቀም። መሬቱ ዛሬም የመንግሥት ነው። በእኔ ግምት፣ በየጓሮው የተሠሩት ጠባብ ሰርቪስ ክፍሎች ድህነት ብቻ የወለዳቸው አይደሉም፤ ከ1967 ዓ.ም. የተወረሰ ጥርጣሬም አለባቸው። አከራይ ግብርን ሽሽት ውል አይጽፍም፤ ተከራይም ውጣ እንዳይባል አይጠይቅም። ደላላው በመካከላቸው ይከብራል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ። የኪራይ ጭማሪውም መንግሥት በሚወስነው መጠን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። በየስድስት ወሩ ዕቃ ሲጭን ለኖረ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ኪራይን መቆጣጠር እንጂ ቤቱን ማደስን የማያበረታታ ሥርዓት ወዴት እንደሚያደርስ የቀበሌ ቤቶች አስተምረውናል። ያደሰ አከራይ የድካሙን ዋጋ የሚያገኝበት፣ ክፍሉ ለሰው መኖሪያ መብቃቱ የሚረጋገጥበት መንገድ ካልተበጀ፣ ውሉ ተመዝግቦም ጣሪያው ማፍሰሱን አያቆምም።

ተከራይን ከአከራይ ዘረፋ፣ አከራይንም ከመንግሥት ውርስ የሚጠብቅ አንድ ሕግ ያስፈልገናል። እስካሁን አንዱን ስናድን ሌላውን ስንጥል ኖረናል፤ በመካከል የፈረሰው ግን ቤቱ ነው።