የፕሮሎግ መማሪያና የአማርኛ ግስ

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ተቀምጦ ፕሮሎግ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለመማር የሚሻ ወጣት መጽሐፍ አያጣም፤ የሚያጣው በየትኛው በር እንደሚገባ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች ፕሮግራም ጸሐፊው ማሽኑን ደረጃ በደረጃ ያዛል። በፕሮሎግ ግን እውነታዎችንና ደንቦችን ደንግጎ ይጠይቃል፤ መልሱን የሚፈልገው ማሽኑ ነው። ብዙዎቹ መማሪያዎች ይህን በአባትና በልጅ የዘር ሐረግ ያስጀምሩና ተማሪውን እዚያው ይተዉታል።

ታሪኩ ሌላ በር ያሳያል። አላን ኮልሜሮርና ፊሊፕ ሩሴል እ.ኤ.አ. በ1972 በማርሴይ ፕሮሎግን ሲፈጥሩ የተነሡት ኮምፒውተር ፈረንሳይኛ እንዲረዳ ለማድረግ ነበር፤ የኤድንብራው ሮበርት ኮዋልስኪ የሎጂኩን መሠረት አበጀ። ዋናው የመማሪያ መጽሐፍ፣ የክሎክሲንና የሜሊሽ፣ በ1981 ወጣ፤ የስተርሊንግና የሻፒሮ በ1986 ተከተለ። ጀማሪ ዛሬም በፊተኛው ቢጀምር ይበጀዋል፤ ኋለኛው ጥልቅ ነው፣ ነገር ግን ለጀማሪ አይራራም።

የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ኮሌጅ ፓርክ ተጽፏል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል የመጀመሪያ ኃላፊ የነበሩት ጃክ ሚንከር፣ ሎጂክን ከመረጃ ቋት ጋር ያገናኘውን የ1977 የቱሉዝ ጉባኤ ካዘጋጁት አንዱ ናቸው፤ ጽሑፎቹንም ከኤርቬ ጋሌር ጋር በ1978 በመጽሐፍ አወጡ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ወንድወሰን ሙሉጌታና ማይክል ጋሰር በ2012 ያቀረቡት ጥናት ነው። በፕሮሎግ ላይ የተገነባ ሲሎግ የተባለ ሥርዓት የአማርኛን ግስ ከምሳሌ እንዲማር አደረጉ። ሥርዓቱ 108 የግንድና 19 የሥር ማውጫ ደንቦችን አፈለቀ፤ በ1,784 ግሶች ሲፈተንም 86.99 በመቶ ትክክል ሆነ። ጥናቱ የተመለከተው የባለቤት ቅጥያዎችን ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ከዚያ በላይ ሊለጠጥ አይገባም።

የቅኔ ቤት ተማሪ ግስን በአርእስቱ፣ በቀተለ በቀደሰ በገብረ፣ ይማራል፤ አንዱን አርእስት ያወቀ በሥሩ ያሉትን ያረባል። ጥቂት ደንብ ብዙ ቃል ይገዛል ማለት ነው። የፕሮሎግም አስተሳሰብ ይኸው ነው፤ እንዲያውም በሚገባ የተጻፈ ደንብ በሁለት አቅጣጫ ይሠራል፤ ሥሩ ሲሰጠው «ሰበረ»ን ያወጣል፣ «ሰበረ» ሲሰጠው ወደ ሥሩ ይመለሳል። ያን ዊሌማከር በአምስተርዳም በ1987 የጀመሩት ኤስ ደብልዩ አይ ፕሮሎግ በነፃ ይገኛል፤ የግእዝን ፊደልም ያነባል። አንድ እንቅፋት ብቻ አለ፤ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቅርጽ ስለሚያስር፣ ተማሪው የመጀመሪያ እውነታው አድርጎ «ሱ» የ«ስ»ና የ«ኡ» ጥምር መሆኑን ለማሽኑ መንገር ይኖርበታል።