ሬዲዮ ሐይቁን እንዴት ተሻገረ?

እስኪ ዛሬ ስለ ሬዲዮ እናውጋ። በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ጥያቄዋ ለእናንተ ናት፦ በ1935 የአፄ ኃይለ ሥላሴ ድምፅ ከአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ተነስቶ አሜሪካ ድረስ ሲሰማ፣ እዚሁ ጣና ላይ ያለችው ደቅስ ልትሰማው ትችል ነበር? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞገዱማ ሐይቅ አይፈራም፣ ታንኳም አይፈልግም። ችግሩ መቀበያው ላይ ነው።

የዚያ ዘመን ሬዲዮ የሚሠራው በቫኪዩም ቲዩብ ነበር፤ አየሩ የተመጠጠ፣ አምፖል የሚመስል ብርጭቆ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ክር ግሎ ኤሌክትሮን ይለቃል። ያንን ኤሌክትሮን ለመሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ100 ቮልት በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሬዲዮው ወይ ከግድግዳ መብራት ጋር የታሰረ፣ ወይ ከባድ ባትሪ የሚያስጎትት ዕቃ ነበር።

መኪና ላይ መግጠም ሲታሰብም ያው ችግር መጣ። በ1930 ቺካጎ ውስጥ የፖል ጋልቪን ኩባንያ ሞቶሮላ የተባለውን የመኪና ሬዲዮ አወጣ። የመኪናው ባትሪ ግን 6 ቮልት ብቻ ነው! ትራንስፎርመር ደግሞ ከባትሪ የሚወጣውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከፍ አያደርግም። መጀመሪያ ለብቻቸው ተጨማሪ ባትሪዎች ይገጠሙ ነበር። ቆይቶ ቫይብሬተር መጣ፦ በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል እየተርገበገበ ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጥ ትንሽ ምላስ። የተቆራረጠውን ትራንስፎርመሩ ወደ 200 ቮልት ያደርሰዋል። ሬዲዮው ሲከፈት እንደ ንብ የሚያዛው እሱ ነው። ድምፅ ለመስማት ደግሞ ክሩ እስኪግል መጠበቅ ግድ ነበር።

ብልሃቱ ግን መኪና ላለው ሰው ነው። ታንኳ ባትሪም ዲናሞም የለውም። በ1964 ጢስ ዓባይ ላይ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ቢጀምርም፣ የመብራት ሽቦ እንደ ሞገድ ሐይቅ አይዘልም።

ነገሩን የገለበጠችው በ1947 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራችው ትራንዚስተር ናት። ክር ማጋል የለም፣ መቶ ቮልት የለም። በ1954 የኪስ ሬዲዮ ለሽያጭ ቀረበ፤ በ1955 ክራይስለር ቲዩብ የሌለው የመኪና ሬዲዮ ይዞ መጣ። ለእኛ አገር ገጠር ግን ትልቁ ነገር ድንጋይ ነው! ጥቂት የባትሪ ድንጋይ የጎረሰች ሬዲዮ በትከሻም፣ በታንኳም ትሄዳለች። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

መብራት የሌለው ገበሬ የአዲስ አበባን ዜና አዲስ አበቤው በሚሰማበት ሰዓት መስማት የቻለው ያኔ ነው። ከገበያ የሚመለስ ሰው አፍ መጠበቅ ቀረ።

የመጀመሪያዋ ሬዲዮ ሰፈራቸው ስትገባ ያዩ ሽማግሌዎች እያነሱ ነው። አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁልኝ፦ የማን ነበረች? ማታ ማታስ ስንት ሰው ይከባት ነበር?