ድምፅ እንደ ሂስ፦ ወጋየሁ ንጋቱና የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ንባብ

ስለ አማርኛ ልብወለድ ታሪክ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ የደራሲና የሐያሲ ስም በብዛት ይነሣል። የተዋናይ ስም ግን ከተውኔት ምዕራፍ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ይህ አከፋፈል ለብዙ ድርሰቶች ላያስቸግር ይችላል። ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንደርስ ግን ጉድለቱ ይታያል። ይህን ልብወለድ ከሕዝብ ጋር ያስተዋወቀው የታተመው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የአንድ ተዋናይ ድምፅም ነውና። በዚህ አጭር መጣጥፍ የወጋየሁ ንጋቱን የሙያ ሕይወት መነሻ አድርጌ፣ የሬዲዮ ንባቡ ከድርሰቱ ትርጓሜዎች እንደ አንዱ ተቆጥሮ ሊጠና እንደሚገባው ለማሳየት እሞክራለሁ።

ተዋናዩና ዘመኑ

ወጋየሁ ንጋቱ በ1936 ዓ.ም. ተወልዶ በ1982 ዓ.ም. ዐረፈ። የኖረበት ዘመን የአማርኛ ቲያትር ከትርፍ ጊዜ ሥራነት ወደ ሙያነት የተሸጋገረበት ነው። ዘመናዊው የአማርኛ ተውኔት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1913 ዓ.ም. ሥራ፣ ከ«ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ጀምሮ ነው። በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ኋላ ብሔራዊ ቲያትር የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ። በእነዚህ ዓመታት መድረክ ላይ የሚቀርቡት ተውኔቶች አብዛኞቹ በግጥም የተጻፉ፣ ለምክርና ለግብረ ገብ ትምህርት ያዘነበሉ ስለነበሩ ከተዋናዩ ይጠበቅ የነበረው በአመዛኙ ቃሉን ከፍ አድርጎ ማሰማት ነበር።

በ1950ዎቹ ይህ ሁኔታ ተለወጠ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የከተማውን ተራ ነዋሪ ወደ መድረክ አወጣ። ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ የቲያትር ትምህርቱን ተከታትሎ ተመለሰ። በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማዕከልም ለወጣት ተዋንያን የልምምድ በር ከፈተ። ወጋየሁም ከደበበ እሸቱ ጋር ወደ ሃንጋሪ ሄዶ የቲያትር ትምህርት ከቀሰሙት አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ትምህርት ክፍል የተከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ የእነዚህ ሰዎች ትውልድ መንገዱን እየጠረገ የተጓዘ እንደነበር እንረዳለን።

የዚህ ትውልድ አሳዛኝ ዕጣ ሥራው በአብዛኛው አብሮት ማለፉ ነው። ደራሲ መጽሐፉን ትቶ ይሞታል። የመድረክ ተዋናይ ግን መጋረጃው ሲዘጋ ድርሰቱ ያበቃል። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፊልም ገና በጣት የሚቆጠር ስለነበር ብዙዎቹን ተዋንያን ካሜራ አላስቀረልንም። ከወጋየሁ ሥራ እጅግ ብዙ ሰው የሚያውቀውና እስከ ዛሬም ሊደመጥ የሚችለው በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ያቀረበው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ንባብ ነው።

ፊደሉ የማይነግረን

ንባብ ትርጓሜ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? መልሱን ከራሱ ከአማርኛ ጽሕፈት መጀመር ይቻላል። ፊደላችን ጥብቀትንና ላልነትን አይለይም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። «ይበላል» የሚበላውንም የሚበላበትንም፣ ማለት አድራጊውንም ተደራጊውንም ሊያመለክት ይችላል። በዝምታ የሚያነብ ሰው እነዚህን ነገሮች ሳያስተውል ያልፋቸዋል። ድምፁን አሰምቶ የሚያነብ ግን በየቃሉ ላይ መወሰን አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ያደጉ ደራሲ ናቸው። ዐረፍተ ነገራቸው በቦዝ አንቀጽ እየተያያዘ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ የሚመጣ በመሆኑ አንባቢው ትንፋሹንም የሐሳቡንም አቅጣጫ እስከዚያ ድረስ ይዞ መጓዝ ይኖርበታል። የት እንደሚያርፍ፣ የቱን ሐረግ እንደሚያነሣና የቱን እንደሚጥል ካላወቀ አድማጩ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብ ራሱን የቻለ ቤት ያለው፣ ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ ተብሎ ሥርዓት የወጣለት ዕውቀት ነው። የወጋየሁ ሥራ ዋጋ ከሚመነጭባቸው ነገሮች አንዱ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ዘመናዊው የትወና ትምህርት ይህን ነባር የንባብ ክብር በሬዲዮ ማይክሮፎን ፊት ማግኘቱ ነው።

አንድ ድምፅ፣ ብዙ ሰው

ልብወለዱ በአንባቢው ላይ የሚጥለው ሸክም ከባድ ነው። ከውድነሽ በጣሙና ከቦጋለ መብራቱ ጋብቻ ተነሥቶ፣ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውን የልጃቸውን የበዛብህን ዕድገት ተከትሎ፣ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ይገባል። ገበሬ፣ ካህን፣ መኳንንት፣ ተማሪና አሽከር ሁሉ ይናገሩበታል። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ከቤት ስትወጣ ደግሞ አንባቢው ወንድ የመሰለችን ሴት በአንድ የወንድ ድምፅ ማሳየት ይጠበቅበታል። ወጋየሁ ለየገጸ ባሕርያቱ የየራሳቸውን ድምፅ ሰጥቷል። ዋናው ነገር ግን ድምፅ መለዋወጡ አይደለም፤ ያንን ማንኛውም ጥሩ አስመሳይ ሊያደርገው ይችላል። ዋናው ነገር ድምፁ ስለ ሰውዬው የሚሰጠው ፍርድ ነው።

ጉዱ ካሳን እንውሰድ። የአካባቢው ሰው እንደ ዕብድ ያየዋል፤ ቅጽል ስሙም ይህንኑ ይናገራል። የሚናገረው ግን በድርሰቱ ውስጥ ስለ መደብና ስለ ልማድ ከተነገሩት ሐሳቦች ሁሉ የጠለቀው ነው። ታዲያ እንዴት ይነበብ? ዕብደቱ ከበዛ ትችቱ መሣቂያ ይሆናል። ዕብደቱ ፈጽሞ ከጠፋ ደግሞ መንደሩ ለምን እንደማይሰማው አይገባንም። እኔ እንደምሰማው ወጋየሁ የመረጠው ጉዱ ካሳ የተገለለ እንጂ የነሆለለ ሰው አይደለም። ይህ ምርጫ ሐያስያን ስለ ገጸ ባሕርዩ በብዕር ከሚከራከሩበት ጉዳይ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ተዋናዩ ክርክሩን በድምፅ መቋጨቱ ብቻ ነው።

ሰሚውስ ማን ነበር?

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው በዚያ ዘመን እጅግ ጥቂት ነበር። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በብዙ ሺህ ለሚቆጠር ኢትዮጵያዊ ይህ ታላቅ ድርሰት መጀመሪያ የተሰማ እንጂ የተነበበ አልነበረም። በጋራ ተቀምጠው ሬዲዮ የሚያዳምጡ ቤተሰቦችና ጎረቤቶች ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ኩራት አብረው ስቀዋል፣ በሰብለና በበዛብህ መጨረሻ አብረው አዝነዋል። የተደራሲ ጥናት የምንለው ነገር እነዚህን አድማጮች ከዘነጋ ስለ ጥቂት መጽሐፍ ገዥዎች ብቻ የሚናገር ይሆናል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንድ ድምፅ ይህን ያህል ሲገንን ሌላውን ንባብ ሁሉ አይዘጋምን? መጽሐፉን ገልጠው የወጋየሁን ድምፅ የሚሰሙ አንባብያን ጥቂቶች አይደሉም፤ ከማስተምራቸው ተማሪዎችም ይህን የሚነግሩኝ አሉ። አደጋው እውነተኛ ነው። ለምሳሌ ፊታውራሪ መሸሻ በአድማጭ ዘንድ በአስቂኝነታቸው ስለሚታወሱ፣ ለዘር ክብር ሲሉ የገዛ ልጃቸውን ከትዳር የከለከሉ አባት መሆናቸው የሚያስከትለው ሐዘንና ጭካኔ ሊደበዝዝ ይችላል። ነገር ግን መፍትሔው ንባቡን ከጥናት ማስወጣት ሳይሆን ንባብ መሆኑን ዐውቆ መመርመር ነው። አንድን የሂስ መጣጥፍ ተቀብለን ወይም ተቃውመን እንደምንጽፍ ሁሉ፣ ይህንም ትርጓሜ ከጽሑፉ ጋር አነጻጽረን «እዚህ ላይ አጥብቋል፣ እዚያ ላይ አቅልሏል» ማለት እንችላለን። ስሙ ያልተጠራና ሳይመረመር የቀረ ትርጓሜ ነው ይበልጥ የሚጫነን።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ይመስለኛል። በልብወለድ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ ምዕራፍ መጀመሪያ በዝምታ፣ ቀጥሎ በወጋየሁ ድምፅ፣ በመጨረሻም በተማሪው በራሱ አንደበት ሊነበብና ልዩነቱ በጽሑፍ ሊመዘን ይገባል። የሬዲዮ ንባቦች ቅጂዎችም ማን እንዳነበባቸው፣ መቼ እንደተቀረጹና ከታተመው ጽሑፍ የቱ እንደተቀነሰ ተመዝግቦ፣ እንደ ብራና መጻሕፍት ሁሉ በጥንቃቄ መቀመጥ አለባቸው። ድምፅ በቴፕ ላይ ሲያረጅ እንደ ብራና ጠርዝ አይታይም፤ ጠፍቶ እስኪገኝ ድረስ ያለ ይመስላል። ወጋየሁ ንጋቱ በአርባዎቹ ዕድሜው ዐረፈ፤ የመድረክ ሥራው አብዛኛው ከተመልካቾቹ ትዝታ ጋር እየሄደ ነው። በእጃችን የቀረው ይህ ንባብ በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ የተዋናይን ስም ከሐያሲው ስም አጠገብ ለመጻፍ በቂ ማስረጃ ነው።