አነስተኛ መጠን ያለው ጨረራና የሰውነት ግንደ ህዋሳት፦ ለራጅና ለሲቲ ስካን ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ ጨቆርሳና ከጌራ በሪፈር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከሚመጡ ሕሙማን መካከል ራጅ ወይም ሲቲ ስካን የሚታዘዝላቸው ብዙዎች ናቸው። በዚህ ጊዜ በተለይ ልጅ ይዘው የመጡ ወላጆች ጨረራው ይጎዳ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በጨረራው መጠንና በታካሚው ዕድሜ ይወሰናል።

ከ100 ሚሊግሬይ በታች የሆነ ጨረራ አነስተኛ መጠን ያለው ይባላል። አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም፤ የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 10 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። ማንኛውም ሰው ከምድር፣ ከጠፈርና ከምግብ በዓመት በዓለም አቀፍ አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ይቀበላል። ቡናም በውስጡ ባለው ፖታሲየም ምክንያት ኢምንት ጨረራ አለው፤ ይህ ግን ጀበናን ለማራቅ ምክንያት አይሆንም።

ስቴም ሴል በመባል የሚታወቁት ግንደ ህዋሳት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሆነው ደምን ሳያቋርጡ የሚተኩ ናቸው። ቀይ የደም ህዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይወገዳል፤ ስለዚህ የደረሰበት ጉዳት አብሮት ይጠፋል። ግንደ ህዋስ ግን ለዓመታት ይኖራል፣ ይባዛልም። ጨረራ የግንደ ህዋሱን ዲ.ኤን.ኤ. ሲሰብር ህዋሱ አብዛኛውን ጊዜ ስብራቱን ይጠግናል፤ ካልቻለ ራሱን ያጠፋል። አሳሳቢው በስህተት ተጠግኖ በሕይወት የሚቀረው ነው፤ ስህተቱን ከእርሱ ለሚወለዱ ህዋሳት ሁሉ ያወርሳልና። በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከቦምቡ በተረፉ ሰዎች ላይ የደም ካንሰር ከሌሎች ካንሰሮች ቀድሞ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መታየቱ፣ በልጅነታቸው በተጋለጡትም ላይ መበርታቱ ከዚህ ጋር ይያያዛል። እርግጥ ከተረፉት አንዳንዶቹ የተቀበሉት መጠን ከአንድ ሲቲ ስካን እጅግ የላቀ ነበር።

ለሲቲ ስካን የሚቀርበው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ጥናት ነው። ከ22 ዓመት ዕድሜ በፊት ሲቲ ስካን የተነሱ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለው ይህ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ከሚነሱ 10,000 ልጆች መካከል በቀጣዮቹ ዓመታት በጨረራው ሰበብ በደም ካንሰር የሚያዙት 1 ወይም 2 እንደሚሆኑ ገምቷል። ከዛፍ ወድቆ ራሱን ለሳተ ልጅ ምርመራውን መከልከል ከዚህ ሥጋት እጅግ የከፋ አደጋ ነው። ለቀላል ራስ ምታት ሲቲ ስካን እንዲታዘዝ ሐኪምን መወትወት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሊቀር የሚችለው ጨረራ በአብዛኛው የድግግሞሽ ነው። በአጋሮ የተነሳ ራጅ ቤት ተረስቶ ሲቀር ጅማ ላይ ዳግመኛ ይነሳል፤ ስለዚህ ታካሚዎች የቀድሞውን ፊልም፣ ሲዲና የሐኪም ሪፖርት ይዘው እንዲመጡ ይመከራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ለባለሙያው ትንገር። የሚያጠቡ እናቶች ከራጅ በኋላ ማጥባት አያቋርጡም፤ የራጅ ጨረራ በሰውነት ውስጥ አይቀርም። አልትራሳውንድና ኤም.አር.አይ. ይህን ዓይነት ጨረራ ስለማይጠቀሙ በእነርሱ መተካት ይቻል እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ ይቻላል።

የጨረራና የኒውክሌር ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1025/2009 የራጅና የሲቲ ስካን መሣሪያ የሚጠቀም ተቋም፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ከተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል።