በደለኛው ሹም በልብ ወለድ ድርሰቶቻችን

የአንድ ኅብረተሰብ ሥነ ጽሑፍ ከሚመረመርባቸው መንገዶች አንዱ፣ ደራሲዎቹ የክፋት ተምሳሌት አድርገው የሚያቀርቡት ማንን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። በተረቶቻችን ውስጥ ክፉው ጅብ ወይም ጭራቅ ነበር። ዘመናዊው ልብ ወለድ ሲመጣ ግን ጭራቁ ካባ ደረበ፣ ማኅተም ያዘ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይኸውም በደለኛው ሹም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ገጸ ባሕርይ በድርሰቶቻችን ውስጥ እንዴት እንደ ተቀረጸ፣ በተለይም ከጉራጌ ምድር የተነሣ አንድ ደራሲ ለአቀራረጹ ያበረከተውን ድርሻ መመርመር ነው።

በተራራ ላይ በሚካሄድ የጀብዱ ታሪክ የጀግናው ባላንጣ ገደሉ፣ ብርዱና ጭጋጉ ሊሆን የሚገባው ይመስላል። የዓለም ሥነ ጽሑፍ የሚያሳየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጀርመናዊው ሺለር በ1804 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ያበቃው «ቪልሄልም ቴል» የስዊስ ተራሮችን መድረኩ አድርጎ ሳለ፣ ክፉው ሰው ገስለር የሚባለው እንደራሴ ነው። ገስለር ባርኔጣውን በምሰሶ ላይ ሰቅሎ አላፊ አግዳሚው እጅ እንዲነሣ ያዛል፤ አባት በልጁ ራስ ላይ በተቀመጠ ፖም ላይ ቀስት እንዲወረውር ያስገድዳል። ቴል ሲያመልጥ የሐይቁ ማዕበልና የገደሉ አለት ረዳቶቹ ይሆናሉ እንጂ ጠላቶቹ አይሆኑም። ተፈጥሮ ጨካኝ ብትመስልም ወገን አትለይም፤ ሰውን እየመረጠ የሚያሳድደው ሹሙ ነው።

ይህ እውነት ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። የተበደለ ሰው «ዱር ገባ»፣ «ሸፈተ» መባሉ የቆየ አነጋገር ነው። ተራራውና ዱሩ የሚያስፈሩት ሹሙን እንጂ ተበዳዩን አልነበረም።

ከቡታጅራ ወደ ምዕራብ፣ ከወልቂጤ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የሚያየው አንዱን የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት ነው። ከፍተኛው ጫፍ ከ3,700 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሰንሰለት ግራና ቀኝ የኖረው ሕዝብ እንሰት ተክሎ፣ በየራሱ የሸንጎ ሕግ እየተዳደረ ዘመናት አሳልፏል። የሰባት ቤት ጉራጌ «የጆካ» ሸንጎ፣ የክስታኔም «ጎርደና ሴራ» የዚህ ሥርዓት ምስክሮች ናቸው። በነዚህ ሸንጎዎች የዳኝነት ሥልጣን የሚመነጨው ከላይ ከተሰጠ ሹመት ሳይሆን ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሕዝቡ አዳምጦ ከሚደርሱበት ስምምነት ነበር።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ሠራዊት ወደ አካባቢው ሲዘምት፣ ከፊሉ ሕዝብ በስምምነት ሲገባ ከፊሉ ለዓመታት ተዋግቷል። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ያካሄደው ተጋድሎ በሰፊው የሚታወቅ ነው። ከዚያ በኋላ የገባር ሥርዓት ተዘረጋ። ሹሙና ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመደበላቸው። ገባሩ ከምርቱ ይሰጣል፣ የሹሙን ማሳ ያርሳል፣ ቤቱን ይሠራል፣ እንጨቱን ይለቅማል። ግብሩ በገንዘብ ሲጠየቅ ደግሞ ሌላ ችግር ተፈጠረ። እንሰት ቤተ ሰብን ቢመግብም በቀላሉ ወደ ብር የሚለወጥ አልነበረም። የጉራጌ ወጣቶች ጉልበታቸውን ሸጠው ግብር ለመክፈል ወደ አዲስ አበባ እንዲጎርፉ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሹሙ ለመበደል የተለየ የልብ ክፋት አላስፈለገውም። ደመወዙ ራሱ የሰው ጉልበት ነበርና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የአንድን ሰው ጠባይ ሳይሆን የአንድን ሥርዓት አሠራር የሚገልጽ ነው።

ከዚሁ ምድር የተገኘው ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ነው። የመጀመሪያ ሥራው የሆነውን የሺነጋን መንደር ታሪክ የጻፈው በአፍ መፍቻው በቸሃ ሲሆን፣ በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታተመ። ቀጥሎም በእንግሊዝኛ የደረሰው «አፈርሳታ» በ1969 እ.ኤ.አ. በለንደን ወጣ።

«አፈርሳታ» በሌላ ስሙ አውጫጭኝ ነው። ወንጀለኛው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ እየማለ የሚያውቀውን እንዲናገር የሚገደድበት ሥርዓት ነው። የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘም ሕዝቡ ኪሣራውን በጋራ እንዲከፍል ይደረግ ነበር። በልብ ወለዱ ናማጋ የሚባል ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ ገንዘቡም ይሰረቃል። ሕዝቡ ደጋግሞ ይሰበሰባል፤ ሥራው ይፈታል፤ ወንጀለኛው ግን አይገኝም።

አንባቢ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ገስለር ያለ ሹም ፈልጎ ቢያጣ ሊገርመው አይገባም። የሣህለ ሥላሴ ጥበብ ያለው በዚሁ ላይ ነው። ክፋቱን ለአንድ ሰው አሸክሞ አንባቢውን አላሳረፈም። በአንድ በኩል ተሰብስቦ መምከር የሕዝቡ የራሱ ሀብት ነው። በሌላ በኩል ያው ስብሰባ በግዳጅና በቅጣት ሲታሰር፣ ንጹሑ ከወንጀለኛው ጋር አብሮ የሚንገላታበት መሣሪያ ይሆናል። ደራሲው ሁለቱንም ጎን ለጎን አኑሮ ፍርዱን ለአንባቢው ትቶታል።

በ1974 እ.ኤ.አ. የታተመው የዚሁ ደራሲ «ዎሪየር ኪንግ» ደግሞ ወደ ጀብዱ ታሪክ ይበልጥ የቀረበ ነው። ታሪኩ ካሣ ኃይሉ በመሳፍንት ዘመን ከሽፍትነት ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ እስኪሆን የወጣውን ዳገት ይተርካል። ልብ ወለዱን ትተን ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ብንከተለው የምናገኘው ትምህርት ከባድ ነው። በሹማምንት ተገፍቶ ዱር የገባው ካሣ፣ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በመቅደላ አምባ ላይ እስረኞች ይዞ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሱን የሠዋውም በዚያው ነው። ለተበዳዩ መጠለያ የሆነ ከፍታ፣ ተበዳዩ ሲነግሥበት ወኅኒ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም በደለኛውን ሹም የሚቀርጽ ደራሲ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትን ወንበር ማየት ግድ ይለዋል።

ሣህለ ሥላሴ የቪክቶር ኢዩጎን ታላቅ ሥራ «መከረኞቹ» ብሎ ወደ አማርኛ መመለሱም ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነው። በ1862 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚያ መጽሐፍ ዣን ቫልዣንን የሚያሳድደው ዣቬር ጉቦ የሚበላ ሹም አይደለም። ሕጉን አክባሪ፣ ለራሱም የማይራራ ሰው ነው። ክፋቱ ምሕረት በሌለው ሕግ ሙሉ በሙሉ በማመኑ ነው። እንዲህ ያለው ሹም ከጉበኛው ይልቅ ያስፈራል፤ ጉበኛውን በገንዘብ ማለፍ ሲቻል ይህን ማለፊያ የለምና።

የአማርኛ ልብ ወለድ ታላላቅ ሥራዎችም ይህንኑ ገጸ ባሕርይ በየመልኩ አቅርበዋል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ፊታውራሪ መሸሻ በትውልድ ኩራት የታጠሩ ናቸው። ገበሬዎቹ ከልማድ ውጭ የሆነውን ግብር አንከፍልም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ሲያምጹባቸው፣ ሹሙ ያለ ገባሮቻቸው ምንም እንዳልሆኑ ይገለጻል። ሆኖም ደራሲው ፊታውራሪን የሚያስቁም፣ የሚያሳዝኑም አድርጎ ቀርጿቸዋል፤ ይህም ኃይላቸውን ሳይሆን ሥርዓታቸውን እንድንታዘብ ይረዳናል። ይኸው ደራሲ በ1974 ዓ.ም. ያሳተመው ሌላ ልብ ወለድ ክሱን ገና ከርእሱ ይጀምራል፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» ይባላልና።

ዳሩ ግን ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ስለ በደለኛው ሹም የሚጻፈው መቼ ነው? የሚለው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ፣ የወደቀውን ባላባት መርገም ድፍረት አይጠይቅም ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ደራሲያን የትናንቱን ሹም ጭራቅ አድርገው ሳሉት፤ ሣህለ ሥላሴም በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ፋየርብራንድስ» የዘውዱን አገዛዝ ዋዜማና የመሥሪያ ቤቱን ምዝበራ አሳይቷል። የወንበሩ ባለቤት ገና ሳይነሣ የጻፉት ግን ዋጋ ከፍለዋል። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ታገደ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከየመጻሕፍት መደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባርሮ በየካቲት 1976 ዓ.ም. የደረሰበት ጠፋ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል መንግሥት ሲለወጥ አብሮ አልተለወጠም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። በደለኛውን ሹም ጥርሱ ያገጠጠ፣ ዓይኑ የቀላ አድርጎ መሣል ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ግን ለእውነተኛው በደለኛ ምቹ መደበቂያ ይሆነዋል፤ እርሱ ጥርሱ አላገጠጠምና «እኔን አይደለም» ይላል። አንባቢ በደሉን የሚያውቀው ደራሲው አሠራሩን ሲያሳየው ነው፤ የሚጠየቀውን ድርጎ፣ «ነገ ና» የሚባለውን ባለጉዳይ፣ በስብሰባ ላይ የሚፈራውን እውነት፣ ዝም የሚለውንም ምስክር ጭምር።

ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። በሁለቱም ከተሞች መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች ቤተ መጻሕፍትና መድረክ አላቸው። የገባሩን ዘመን ያዩ አባቶችና እናቶች ቁጥር ግን ዓመት በዓመት እየመነመነ ነው። ትዝታቸውን በወቅቱ መመዝገብ፣ ከትዝታቸውም ሹሙን ከነወንበሩ የሚያሳይ ድርሰት መፍጠር የእነዚህ ባለሙያዎች ተግባር ነው። ሹም ይሻራል፤ ወንበሩ ግን ይቆያል። በጎ ሹምም ቢሆን ሊያነብበው የሚገባው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ነው፤ ወንበሩ ከእርሱ በፊት የተቀመጡትን ምን እንዳደረጋቸው ያውቅ ዘንድ።