ኬላና ሽርሽር፤ በጅማና በዙሪያዋ የቡና ከተሞች ስለ እንግዳ አቀባበል ታሪክ

ከጅማ ከተማ ተነሥቶ ወደ ጅሬን ኮረብታ በእግር የሚወጣ ሰው ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። መንገዱ አቀበት ነው፤ ቢሆንም በማለዳ ለተነሣ ሰው ብዙ አያደክምም። ከላይ ሲደርስ የአባ ጅፋር የእንጨት ቤተ መንግሥት ይታየዋል፤ ፊቱን ወደ ኋላ ሲመልስ ደግሞ ከተማውን፣ ሜዳውንና በዙሪያው የተደረደሩትን ተራሮች ከእግሩ በታች ተዘርግተው ያገኛቸዋል። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያሰብነው በዚሁ አቀበት ላይ አረፍ ባልንበት ሰዓት ነበር። «ወዴት ናችሁ? የማን እንግዶች ናችሁ?» ብሎ ያስቆመን ሰው አልነበረም። ከ150 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ግን ሳይጠየቁና ሳይፈቀድ ከዚህ ቦታ መድረስ ባልተቻለ ነበር።

ዛሬ ስለ ጅማና ስለ አካባቢዋ ለጎብኚ የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የጅሬን ቤተ መንግሥት፣ የሰቃ ፏፏቴ፣ የቦዬ ጉማሬዎች፣ የበለጤና የጌራ ደን፣ ወደ ቦንጋ ለሚዘልቅም የእግዜር ድልድይ ይዘረዘሩና አገሩ የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ ተደርጎ ይቀርባል። አየሩ መልካም፣ ደኑም ያማረ መሆኑን አንክድም። «ያልተነካ» የሚለው ቃል ግን በታሪክ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ቀሎ ይገኛል። ጎብኚው ለመዝናናት የሚረግጠው መንገድ ሁሉ የንጉሥ በር፣ የነጋዴ ጎዳና ወይም የአንድ ገበሬ የቡና ይዞታ ሆኖ የቆየ ነው፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ይህን ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በግቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። ነገሥታቱ ድንበራቸውን በጉድጓድና በአጥር ያስከብሩ ነበር። በሁለት መንግሥታት መካከል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዋል፤ ይህም ሞጋ ይባላል። ወደ አገሩ የሚያስገባው መንገድ በታወቀ በር ብቻ ያልፋል፤ በሩም ኬላ ነው። ዛሬ ኬላ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የቀረጥ ፍተሻ ነው። በዚያ ዘመን ግን ቀረጥ ከኬላው ሥራ አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። የሚገባውና የሚወጣው ሰው ማንነት የሚጣራውና ወሬው ወደ ንጉሡ የሚላከው፣ እንግዳውም መልስ እስኪመጣ ድረስ የሚቆየው በዚሁ ደጃፍ ነበር። የሚሸሽ ባሪያም ሆነ የሚሰልል ጠላት የሚያዘው እዚሁ ነው። ስለ ጅማ መንግሥት አስተዳደር በ1965 መጽሐፍ ያሳተመው ኸርበርት ሉዊስ እንዲህ ያለውን የድንበር ሥርዓት ከመንግሥቱ ጥንካሬ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ፈቃድ ያገኘ ሰው ግን የንጉሥ እንግዳ ነው። ማደሪያና ቀለብ ይሰጠዋል፤ አብሮት የሚሄድ ሰውም ይታዘዝለታል። ይህ ሰው መንገድ ሲያሳይ መሪ፣ እንግዳው ወዴት እንደሚያይ ሲከታተል ደግሞ ጠባቂ ነው። በእኛ አስተያየት የግቤ አገሮች የእንግዳ አቀባበል ጠቅላላ ጠባይ በዚህ አንድ ሰው ላይ ይታያል።

ከሩቅ አገር ከመጡት መካከል የሁለት ሰዎች ታሪክ ለነገራችን ይረዳል። አንደኛው ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ነው። ዳባዲ ተራሮችን እየለካ ካርታ የሚያነሣ ሰው ስለ ነበረ፣ ተራራ ላይ መውጣትና ዙሪያውን መቃኘት ለእርሱ ሥራም ደስታም ነበር። በ1843 እናርያ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ከፋ ለመሻገር የቻለው ግን በራሱ ፈቃድ አይደለም። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ሙሽራ ለማምጣት መልእክተኞች ሲልክ ዳባዲ ከእነርሱ ጋር ተቀላቅሎ ቦንጋ ገባ። በከፋ የቆየውም ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ ጎብኚ ከጅማ በአውቶቡስ ተሳፍሮ በጥቂት ሰዓት የሚደርስበትን ቦታ ለማየት ያን ጊዜ የሠርግ አጃቢ መሆን ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ አሳዛኝ ነው። የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ወደ ሸዋ ከላካቸው ሰዎች መካከል አንቶንዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ በ1878 ወደ ከፋ አቅጣጫ ወረዱ። ጌራ ሲደርሱ የአገሩ ንግሥት ይዛ አስቀረቻቸው። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ። ቼኪ የተለቀቀው በ1880 ሲሆን፣ ለመለቀቁም የጎጃሙ ራስ አዳል ጣልቃ መግባት ምክንያት ሆኗል። በኋላ ቼኪ ጉዞውን በ3 ቅጽ ጽፎ አሳተመ። አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ የጭካኔ ምሳሌ አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ደግሞ አንባቢው ጉዳዩን ከጌራ በኩልም እንዲያየው እንወዳለን። ወንዝና ተራራ እየመዘገበ፣ መንገድ እየጠየቀ ድንበር የሚያልፍ ባዕድ ምን ፈልጎ መጣ? ካርታ ከተነሣ በኋላ ጦር እንደሚከተል የጌራ ሰዎች በመጠርጠራቸው ብቻ ሞኞች አያሰኛቸውም፤ ኢጣልያ በ1936 ይህን አገር ስትይዝ ካርታው አልጎደላትም።

ይሁን እንጂ የአገሩ ሰው በራሱ በኩል በሜዳና በተራራ መደሰትን አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። የነገሥታቱ መጠሪያ ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ አባ ጅፋር የሚለውም እንዲሁ። ለመኳንንቱ ፈረስ መጋለብና ጎሽ ማደን ጨዋታም ክብርም ነበር። ለተራው ሕዝብ ደግሞ መዝናኛው ገበያ ነበር። በጅሬን ሥር በሚገኘው በሂርማታ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ገበያ ከየአገሩ ሰው የሚሰበስብ ትልቅ ገበያ ነበር፤ ጅማ የሐሙስ ገበያዋን እስከ ዛሬ አልተወችም። ዘመድ የሚጠየቀው፣ ወሬ የሚሰማውና ልጅ የሚታጨው እዚያ ነው። ከሂርማታ ተነሥቶ ግቤን ተሻግሮ እስከ ጎጃሙ ባሶ የሚዘልቀው የነጋዴ መንገድ ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይተላለፍበት ነበር። በዚሁ መንገድ ባሮችም በገመድ ታስረው ይነዱ ነበር። «የጥንት የነጋዴዎች ጎዳና» ተብሎ ለእግር ተጓዥ እንዲከፈት የሚመኙ ሰዎች አሉ፤ ምኞታቸውን አንነቅፍም፤ ይህ የመጨረሻው ነገር ግን ከመንገዱ ታሪክ ተቆርጦ እንዳይቀር እንፈልጋለን።

በ1878 የነገሡት ሁለተኛው አባ ጅፋር ለምኒልክ በጊዜው በመገበራቸው አገራቸውን ከጦርነት አዳኑ። ጅማም እስከ 1932 ድረስ የውስጥ አስተዳደሯን ጠብቃ ቆየች። ከፋ ግን ተዋጋች፤ በ1897 ተሸነፈች፤ ንጉሥዋ ጋኪ ሸሮቾም ተማረከ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በጦርነት፣ በበሽታና በባርነት እጅግ ስለ ተመናመነ ይታረስ የነበረ መሬት ሰው አጥቶ ወደ ዱር የተመለሰበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ይህ ነጥብ ለጽሑፋችን ዋነኛ ስለሆነ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብበት እንለምናለን። ጎብኚው ሲያየው ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ የሚመስለው ጥላ፣ በአንዳንድ ቦታ አያቶች ጎጆ የነበራቸው ማሳ ነው።

የኢጣልያን ዘመን በአጭሩ እናልፈዋለን። ወራሪው ጅማን ከስድስቱ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶቹ የአንዱ ዋና ከተማ አድርጎ ነበር፤ ዛሬም ከተማዋ መካከል የሚታዩት አያሌ ሕንጻዎች የዚያ ጊዜ ሥራ ናቸው። ለነገራችን የሚጠቅመው በ1938 የታተመው የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ የጉዞ መምሪያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ አገሩን በመኪና ለሚዞር ኢጣልያዊ መንገዱን በኪሎ ሜትር እየቆጠረ ያሳየዋል። ቀድሞ እንግዳ የአገሩን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ደግሞ ባለቤቱ በመንገድ ዳር የሚታይ ነገር ሆነ። ይህም ለ5 ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1941 አበቃ።

ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባን ከጅማ የሚያገናኘው መንገድና አውሮፕላኑ ያመላልሱ የነበሩት በይበልጥ ቡናና ነጋዴ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የአገር ጉብኝት ሥራ በመንግሥት ደረጃ ሲቋቋም፣ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር ብዙ እንግዳ ሳበ፤ የእንግዳው መንገድ ግን ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ሐረር ነበር። በድንጋይ የተሠራ ታሪክ ለእንግዳ ለማሳየት ይመቻል። የጅማ ታሪክ በእንጨትና በገበያ፣ በቡና ጥላም ሥር ስለ ነበረ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ቦታ አላገኘም።

አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2010 የከፋና የያዩ ደኖች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች ሆነው ተመዘገቡ፤ የከፋው ብቻ ከ700,000 ሄክታር ይበልጣል። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ በሚገኘው በበለጤ ደንና በጌራ በኩል ከ2003 ጀምሮ በጃፓን እርዳታ የደን አስተዳደር ሥራ ተሠርቷል፤ ነዋሪዎቹ በኦሮምኛ ምኅጻር ዋቡብ በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን የመጠበቅ ኀላፊነትና የመጠቀም መብት በውል ተቀበሉ። ከደኑ የሚለቅሙትም ቡና በዓለም ገበያ የጥበቃ ምስክር ወረቀት አገኘ። በከፋና በሸካ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀደመ ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለ። በኮቦ ሥርዓት ደኑ በዛፍና በጅረት ምልክት ተከፋፍሎ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍና ቡናው የማን እንደሆነም ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ግን ምልክቱ አይታየውም።

ችግሩም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የጎብኚ ወቅት ክረምቱ አልፎ መስከረም ከጠባ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ይቆማል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ተራራው ይገለጣል። የደን ቡና የሚለቀመውም በዚሁ ወራት ነው። ገበሬው የዓመት ገቢውን በሚሰበስብበት ሰሞን ቀይ ፍሬውን ከጦጣም ከሌባም ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ባልታወቀ መንገድ ከደኑ ውስጥ ብቅ የሚል ሰው፣ ካሜራ ቢይዝም ባይዝም፣ አስቀድሞ በጥርጣሬ ይታያል። ይህን የእንግዳ ጥላቻ የሚሉት ሰዎች ነገሩን አልተረዱትም። አሮጌው ኬላ ፈረሰ እንጂ የኬላው ምክንያት አልፈረሰም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቡና መገኛ የሚደረገውን ክርክር ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም። የጎማዋ ጮጬና የከፋዋ ማንኪራ እያንዳንዳቸው ቡና መጀመሪያ የተገኘው ከእኛ ነው ይላሉ፤ ጎብኚም በካልዲ ስም ይጠራል። የፍየል እረኛውን ታሪክ በ1671 በሮም ያሳተመው ፋውስጦስ ናይሮን ግን ለእረኛው ስም አልሰጠውም፤ ቦታውንም የመን እንጂ ኢትዮጵያ አላደረገውም። ካልዲ የሚለው ስም የገባው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የቡናው ዘር ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መገኘቱን ሳይንስ አረጋግጧል። ስለዚህ ጮጬም ማንኪራም ለክብራቸው ተረቱ አያስፈልጋቸውም። ለእንግዳ የሚያሳዩት እውነተኛ ነገር ሞልቷቸው ሳለ በአንድ ፍየል ላይ መጣላታቸው ለእኛ አስገራሚ ነው።

የደን መንገድ ለእግር ተጓዥ የሚከፍቱ ሰዎች ሁለት ነገር ቢያደርጉ ይጠቅማል ብለን እናስባለን። አንደኛው መንገዱን ከካርታ ሳይሆን ከማኅበሩና ከኮቦ ባለቤቶች ጋር በእግር እየሄዱ መምረጥ፣ በለቀማ ወራትም የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ አብሮ መወሰን ነው። ሁለተኛው ያንኑ ጠባቂ መሪ አድርጎ መቅጠር ነው፤ የመግቢያው ገንዘብም በደጃፉ ላለው ማኅበር መድረስ አለበት። በነገሥታቱ ዘመን አጃቢውን ንጉሡ ይቀልበው ነበርና እንግዳውን የሚያስተናግድ ሰው ከኪሱ አይከስርም ነበር።

የቀድሞዎቹ ኬላዎች የት የት እንደ ነበሩ በአባ ጅፋር አገር በየወረዳው የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይዘው ዛሬም አሉ። የበሮቹን ስም፣ የጠባቂዎቹን ወገንና የሞጋውን ወሰን ከእነርሱ አፍ ሰምቶ መመዝገብ ገና የሚቀር ሥራ ነው። ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከጌራ የመጡ ተማሪዎች በመጪው ዕረፍት ወደየቤታቸው ሲመለሱ አንድ አንድ ኬላ ቢያጠኑና ማስታወሻቸውን ለዚህ መጽሔት ቢልኩ፣ በካርታ ላይ አስቀምጠን በሚቀጥለው እትም ለማውጣት ዝግጁ ነን።