ጢቾና ያልመጡት እንግዶች

በአገራችን ስለ ቱሪዝም በተነሣ ቁጥር ወሬው ወደ ሰሜን ያዘነብላል። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር። ዛሬ ግን ከገለማ ተራሮች በስተምሥራቅ ስለምትገኘው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ለአንድ ሙሉ አውራጃ ስሟን ስለሰጠችው ስለ ጢቾ ላነሣ እፈልጋለሁ። ስሟን በአንድም የጉብኝት ብሮሹር ላይ አይቼ አላውቅም። ይህ የሆነው የሚታይ ነገር አጥታ አይደለም። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዘመናቱ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት በ1961 ሲቋቋም በመሪነት የተቀመጡት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር የእርሳቸው ነው፤ እስከ 2016፣ «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ፣ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ አገለገለ። የሥራው ስሌት ብልህነት ነበረበት። መንገድ በሌለበት አገር እንግዳውን በአውሮፕላን ከአንዱ ጥንታዊ ከተማ ወደ ሌላው ማድረስ፣ በየከተማውም ማደሪያ ማዘጋጀት። «ታሪካዊው መስመር» የተባለው ይኸው ነው። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ከመካከላቸው መገኘታቸው ካርታውን ይበልጥ አጸናው። በዚያ ካርታ ላይ አርሲ የለም። ለአርሲ የተሰጠው ሥራ እህል ማምረት ነበርና።

እዚህ ላይ የሚያስገርመኝ አንድ መገጣጠም አለ። በ1965 በርቲል ሃርዲንግ የተባለ ስዊድናዊ 300 ያህል ጎብኚዎችን ይዞ ጋምቢያ ገባ። ነፃነቷን በዚያው ዓመት ያገኘች፣ ከኦቾሎኒ በቀር ለገበያ የምታቀርበው እምብዛም ያልነበራት ትንሽ የምዕራብ አፍሪካ አገር ነበረች። በሁለት ዓመት ልዩነት፣ በ1967፣ የስዊድን መንግሥት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ አሰላ ላይ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ በብዙዎች አፍ «ካዱ» የሚባለውን፣ አቋቋመ። የአንድ አገር ሰዎች በአንድ ዘመን ወደ አፍሪካ ሁለት መንገድ ወጡ፤ አንደኛው ፀሐይ ፍለጋ፣ ሁለተኛው ስንዴ ሊያለማ።

ጋምቢያ ምን አተረፈች? የባሕር ዳርቻዋ ሆቴሎች በሆቴል ላይ ሆኑ፤ ቱሪዝም ከኢኮኖሚዋ ዋና ምሰሶዎች አንዱ ሆነ፤ ለሃርዲንግም አውራ ጎዳና በስሙ ተሰየመለት። ነገር ግን እንግዳው የአውሮፕላኑንም የአልጋውንም የምግቡንም ዋጋ አገሩ ላይ ከፍሎ ስለሚመጣ፣ ከሆቴሉ አጥር ውጭ ላለው ጉልት ቸርቻሪና ታክሲ ነጂ የሚተርፈው ጥቂት ሆነ። መንግሥት በ1999 ይህን ሁሉን አጠቃላይ ሽያጭ ከለከለ፤ የአውሮጳ አስጎብኚ ድርጅቶች ፊታቸውን ሲያዞሩ ግን በዓመቱ ክልከላውን አነሣ። በ1994 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግና ብሪታንያ ዜጎቿን ስታስጠነቅቅ ሆቴሎቹ ባዶ ቀሩ። በ2014 ደግሞ አንድም የኢቦላ ሕመምተኛ ሳይገኝባት፣ ጎረቤቶቿ ስለታመሙ ብቻ እንግዳ ራቃት። «ኢንቨስተር እንሳብ» የሚሉ ወገኖቻችን የጋምቢያን ግማሽ ታሪክ ብቻ ባያነቡ ደስ ይለኛል።

አርሲስ? ካዱ የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛ ገበሬ ለማድረስ ታስቦ የተመሠረተ ነበር፤ ውጤቱንም መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ መሬቱ ትርፍ ማስገኘት ሲጀምር ባለ ርስቱ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን አባረረ። ድርጅቱ የመጣው ለጭሰኛው ነበር፤ ከመሬቱ የተነቀለው ግን ራሱ ጭሰኛው ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በጭላሎ በደስታ የተሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኔ እምነት በአርሲ ስለ ኢንቨስትመንት የሚጻፍ ማንኛውም ዕቅድ ከዚህ ታሪክ መነሣት አለበት፤ ገበሬው አልረሳውምና።

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ። በ1908 ሜጀር አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአርሲ ከፍተኛ ቦታ፣ ሳይንስ የማያውቀውን እንስሳ ገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሊዴከር የተባለው ሊቅ በበክስተን ስም ሰየመው። ይህ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ነው። የእኔ ትውልድ በልጅነቱ ያውቀዋል፤ 1969 ዓ.ም. የሚል በተቀረጸበት ባለ 10 ሣንቲም ላይ ነበር። (ከረሜላ የገዛንበትን ሣንቲም ገልብጦ ያየ ግን ስንቱ ነው?) የውጭ አገር አዳኝ ለአንድ ወንድ አጋዘን ብዙ ዶላር ከፍሎ ይመጣል፤ የተራራው ነዋሪ ግን እንስሳውን የሚያውቀው ገብሱን ሲበላበት ነው። ጭላሎን፣ ገለማን፣ ካካን፣ ሁንቆሎንና ጉጉን ያካተተው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ2011 ነው፤ አጋዘኑ ለሳይንስ ከታወቀ ከ100 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያ መካከል እርሻው ወደ ላይ ወጥቷል፣ ከብቱ እስከ አስታው ድረስ ይግጣል። ወሰኑን የሚያሰምረው ባለሥልጣን የጭላሎን ጭሰኛ ታሪክ ያውቅ ይሆን?

የበቆጂን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ የዲባባ እኅትማማቾች ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ወጡ። በኬንያ ኢተን ሎርና ኪፕላጋት ባቋቋመችው የልምምድ ማዕከል ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ ሯጮች ከፍለው ያድራሉ፤ ቀጭኑን አየር የሚሸጡ ጎረቤቶች አሉን ማለት ነው። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንኳ የመጀመሪያውን ሪዞርት በ2010 የከፈተው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። አልፈርድበትም፤ ባለ ሀብት ውኃና አስፋልት ባለበት ይሠራል። በ2020 የሻሸመኔና የዝዋይ ሆቴሎቹ ሲቃጠሉም ያየነው፣ በገዛ አገሩ ልጅ ላይ ይህ ከደረሰ የባዕዱ ባለ ሀብት ምን ብሎ እንደሚያስብ ነው።

ይሁንና አርሲ መንገደኛ አጥታ አታውቅም። በአርባ ጉጉ ወደ ፈረቀሳ፣ ወደ ሲቲ ሞሚና መቃብር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይሄዳል። የባሌውን ድሬ ሼክ ሁሴን ለመሳለም የሚወጡ ደግሞ ባላ መሰል በትራቸውን ይዘው፣ ውዳሴ እያዜሙ፣ አርሲን አቋርጠው ዋቤ ሸበሌን ይሻገራሉ። እነዚህ ሰዎች ይበላሉ፣ ያድራሉ፣ ስጦታ ይዘው ይመለሳሉ። በየትኛውም የቱሪስት ፍሰት ሰንጠረዥ ግን አይቆጠሩም፤ ቪዛ አይጠይቁምና። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በወሎ መቄት የገበሬ ማኅበራት ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ማረፊያዎች ተሠርተው እንግዳ በእግሩ ከአምባ ወደ አምባ ይሄድ ነበር። ተመሳሳይ ማረፊያ በጢቾ ገበሬ እጅ ቢቆም፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ካሜራ ያነገበ ፈረንጅ ሳይሆን ባላ በትር የያዘ የሐጂ መንገደኛ በሆነ ነበር። ለእርሱ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ፣ ጣሪያና ትኩስ ገንፎ ነው፤ መንገዱንማ ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል።